ቁጠባ ሒሳብና የጊዜ ገደብ ተቀማጭ፦ የትኛው ይበጃል?

የቡሬ፣ የፍኖተ ሰላምና የአካባቢው ገበሬዎች ሆይ! በቆሎውና በርበሬው ተሽጦ ብር እጅ ሲገባ «የት ላስቀምጠው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። በእንስራ የተቀበረ ብር አይወልድም፤ አይጥ ይበላዋል፣ እርጥበት ያበሰብሰዋል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች ሲለወጡ ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ 3 ወር ብቻ ነበር። ከዚያ ያለፈ የተደበቀ ብር ወረቀት ሆኖ ቀረ።

ባንክ ብንወስደውስ? እዚያ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ።

1ኛ/ የቁጠባ ሒሳብ። በፈለጋችሁ ቀን ታስገባላችሁ፣ በፈለጋችሁ ቀን ታወጣላችሁ። ባንኩ በገንዘባችሁ ስለሚሠራበት ወለድ ይከፍላችኋል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የቁጠባ ወለድ ከ7 ከመቶ እንዳያንስ ወሰነ። 7 ከመቶ ማለት በ100 ብር ላይ በዓመት 7 ብር ነው። እንግዲህ 10,000 ብር ዓመት ቢቀመጥ 700 ብር ይወልዳል፤ 6 ወር ቢቀመጥ 350 ብር። ከወለዱ ላይ ጥቂት ግብር ይቀነሳል።

2ኛ/ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ። «ይህን ብር እስከዚህ ቀን አልነካም» ብላችሁ ውል ትፈርማላችሁ። ወለዱ በስምምነት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከቁጠባው ይበልጣል። ለምሳሌ በ9 ከመቶ ብትስማሙ 10,000 ብር በዓመት 900 ብር ይወልዳል። ነገር ግን ቀኑ ሳይደርስ ብታወጡት የተስማማችሁበት ወለድ ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይቀራል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? መልሱ ብሩ የሚፈለግበት ቀን ነው። በጥር በርበሬ ሸጣችሁ ለሰኔ ማዳበሪያ ያሰባችሁትን ብር ለዓመት አትቆልፉት። ዘር ቀን አይጠብቅም እኮ! ብሩ ተቆልፎ ከአራጣ አበዳሪ ብትበደሩ፣ 200 ብር ለማትረፍ ብላችሁ ከዚያ የበለጠ ትከፍላላችሁ። የማዳበሪያውና የግብሩ ብር በቁጠባ ይሁን። ለከርሞ ቤት ማደሻ ቆርቆሮ ያሰባችሁት ግን በጊዜ ገደብ ቢቀመጥ ይጠቅማል።

አንድ ነገር አትርሱ። በ2014 ዓ.ም. በአገራችን ዋጋ በዓመት ከ30 ከመቶ በላይ ጨምሯል። እንዲህ ባለ ዓመት 10,000 ብር በ7 ከመቶ 10,700 ሲሆን፣ በ10,000 ይገዛ የነበረው ዕቃ ከ13,000 ያልፋል። ስለዚህ ያላችሁን ሁሉ በባንክ አታስተኙ፤ ከፊሉ ጥጃና በግ ይሁን።

ከመፈረማችሁ በፊት ውሉን ራሳችሁ አንብቡ። ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ወለዱ ስንት ከመቶ ነው? ቀኑ መቼ ያበቃል? ቀድሜ ባወጣ ምን ይቀርብኛል? ካልገባችሁ ጠይቁ፤ ሳይገባችሁ ጣት አታሳርፉ።

መልመጃ፦ 5,000 ብር በ7 ከመቶ ለ1 ዓመት ቢቀመጥ ወለዱ ስንት ነው? መልሳችሁ 350 ብር ካልመጣ እንደገና አስሉት።