አሥራ ዘጠኙን አበቅቴ በአንድ ሉፕ

መስከረም 1 ቀን ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ ወይም በዙሪያው ካሉት የገጠር አጥቢያዎች በአንዱ ያስቀደሰ ሰው የዓመቱ ባሕረ ሐሳብ ሲታወጅ ይሰማል፤ ወንበሩ ይህን ያህል፣ አበቅቴው ይህን ያህል፣ መጥቅዑ ይህን ያህል እየተባለ። ፕሮግራሚንግ ለሚጀምር ጎጃሜ ከእነዚህ ቁጥሮች የተሻለ መለማመጃ ያለ አይመስለኝም።

ስሌቱ እነሆ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ19 አካፍሉ። ከቀሪው 1 ሲነሣ ወንበር ይገኛል፤ ቀሪው 0 ከሆነ ግን ወንበሩ 18 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚተርፈው አበቅቴ ነው። 11 የመጣው የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃው ደግሞ 354 ቀን ስለሆነ ነው። 2018ን ውሰዱ፦ 7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ ወንበሩ 12 ነው፤ 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12።

ወንበር ከ0 እስከ 18 ብቻ ስለሚመላለስ አበቅቴዎቹ በጠቅላላው 19 ናቸው። ሁሉንም በአንድ ዝርዝር ለመሰብሰብ አንድ ሉፕ (መደጋገሚያ ትእዛዝ) ይበቃል፦

አበቅቴዎች = []
ወንበር ከ0 እስከ 18 በየተራ፦
    (ወንበር × 11) ለ30 ተካፍሎ የቀረውን አበቅቴዎች ላይ ጨምር

በፓይተን ይህንኑ ስትጽፉ ትእዛዞቹ በላቲን ፊደል ይሆናሉ እንጂ «አበቅቴዎች» የሚለውን ስም በራሳችን ፊደል ብትጽፉት ይቀበላችኋል። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው የመጀመሪያዋ መስመር ላይ ነው። ባዶው ዝርዝር የሚከፈተው ከሉፑ በፊት ነው። ሉፑ ውስጥ ካስገባችሁት በየዙሩ እንደገና ባዶ ይሆንና በመጨረሻ የምታገኙት አንድ ቁጥር፣ 18 ብቻ ነው። የፓይተን ሬንጅ (range) ትእዛዝም 19 ሲሰጠው ከ0 ተነሥቶ 18 ላይ ያቆማል፤ ልክ እንደ ወንበሩ!

ውጤቱ፦ 0፣ 11፣ 22፣ 3፣ 14፣ 25፣ 6፣ 17፣ 28፣ 9፣ 20፣ 1፣ 12፣ 23፣ 4፣ 15፣ 26፣ 7፣ 18።

ማባዛቱን ትታችሁ ባለፈው ላይ 11 እየደመራችሁ፣ በ30 እየገደፋችሁ ብትሄዱም ያው ዝርዝር ይወጣል። ግን 20ኛው ላይ 29 ይመጣባችኋል፤ በባሕረ ሐሳብ ደግሞ እዚያ ላይ ዑደቱ ወደ 0 ይመለሳል። በ19 ዓመት አንዴ የምትዘለለው ያቺ አንድ ቀን ሉፑ የት መቆም እንዳለበት ትነግራችኋለች።

አሁን የመጥቅዑን ዝርዝር እናንተ ሥሩ፤ ወንበሩን በ11 ፈንታ በ19 አባዙ። ከአበቅቴው ጋር ሲደመር 30 መምጣት አለበት። ወንበሩ 0 ሲሆን ኮምፒውተሩ 0 ይላችኋል፣ ሊቃውንቱ ግን 30 ይላሉ። ለዚያች ዓመት ብቻ የምትሠራ አንድ መስመር ጨምሩበት።