መውደቅ ያለበት ችግኝ

ከጅማ ወደ አጋሮ የሚሄድ ሰው ቡና በሚፈለፈልበት ሰሞን በየመፈልፈያው ጓሮ የገለባ ክምር ያያል። ጀንፈሉ ተፈልፍሎ ፍሬው በጆንያ ተጭኖ ሲሄድ ገለባው እዚያው ይቀራል። ዝናብ ሲያገኘው ይቦካል፤ ከሥሩ የሚወጣው ጥቁር ውሃም ወደ ጅረት ይወርዳል። ለባለመፈልፈያው ሸክም ነው። ቁሳቁስ ከምን እንደተሠራና ምን ሊሆን እንደሚችል ለሚያጠና ተመራማሪ ግን ጥሬ ዕቃ ነው፤ ይህን ሙያ የሚያስተምር ክፍል ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ውስጥ አለው።

ገለባው ታጥቦ ይደርቃል፣ ፎስፎሪክ አሲድ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያም አየር በማይገባበት ምድጃ በ500 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይከስላል። የሚወጣው እንደ ማንኛውም ከሰል ጥቁር ነው። ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ አሲዱና ሙቀቱ ውስጡን ቦርቡረው ቁጥር ስፍር የሌላቸው ረቂቅ ቀዳዳዎች ሠርተውበታል። በደንብ ከተሠራ፣ የአንድ ግራም ከሰል ቀዳዳዎች ግድግዳ ተዘርግቶ ቢለካ ከ500 ካሬ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ሁለት ባለ 250 ካሬ የቤት ቦታ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ያዙ እንደማለት ነው። ውሃ ውስጥ ያለ ቀለምና መርዛማ ኬሚካል እዚያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው ይህ ነው።

በጠረጴዛ ላይ ማሳየቱ ቀላል ነው። ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም በውሃ በጥብጦ ጠርሙስ ውስጥ መቅዳት፣ ከገለባ የተሠራውን ከሰል መጨመር፣ መነቅነቅ፣ ማጥለል። ውሃው ይጠራል። ጀማሪ ተማሪ እዚህ ላይ “ሠራ!” ብሎ ያቆማል። ጥሩ መምህር ግን ሌሎች ሁለት ጠርሙሶች ይጠይቀዋል። አንደኛው ምንም ያልተጨመረበት ነው፤ ሰማያዊ እንደሆነ መቅረት አለበት። እሱም ከጠራ ቀለሙን የወሰደው የመስኮቱ ብርሃን ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ከሱቅ የተገዛ፣ ሥራው የታወቀ ከሰል ያለበት ነው፤ እሱ መጥራት አለበት። ካልጠራ ስህተቱ አሠራራችን ላይ ነው።

ሁለት ምስክሮች ናቸው። አንደኛው “ምንም ባይደረግስ ኖሮ?” ለሚለው ጥያቄ፣ ሌላኛው “መሥራቱ የተረጋገጠውስ እዚህ ይሠራል ወይ?” ለሚለው ይቆማሉ። በላቦራቶሪ ቋንቋ ማነጻጸሪያ ይባላሉ። ላቦራቶሪ ሲባል ነጭ ጋዋንና ማይክሮስኮፕ ይታየናል፤ እኔ ግን ቤቱን ላቦራቶሪ የሚያሰኙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው ባይ ነኝ። እነሱ ካሉ የዛፍ ጥላም ላቦራቶሪ ይሆናል።

ማነጻጸሪያ በቡና ላይ ምን እንደሠራ ለማየት ከጅማ ከተማ ብዙም ወደማይርቀው መልኮ፣ ወደ ጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1971 (ዓመቶቹን በዚሁ አቆጣጠር እቀጥላለሁ) የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ኬንያ ውስጥ ከ1922 ጀምሮ የታወቀ ፈንገስ ነው። ያልበሰለውን አረንጓዴ ፍሬ ያጠቁረዋል፣ ያደርቀዋል፤ ገበሬው ለለቀማ ሲዘጋጅ ሰብሉ ዛፉ ላይ እንዳለ አልቋል። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የቡና አገሩን አዳረሰው።

ተመራማሪዎቹ በሽታው ክፉኛ በመታው ማሳ እየገቡ ፍሬው ጤነኛ የሆነ ዛፍ ፈለጉ። አረቢካ ቡና የበቀለበት አገር ስለሆነ የዘር ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ከመቶ ዛፍ መካከል አንድ ያመለጠ አይጠፋም። ግን ለምን አመለጠ? ጠንካራ ስለሆነ ነው? ወይስ የቆመበት ቦታ ነፋሻ ስለሆነ፣ ወይም ዘግይቶ ስላበበ ነው? ዛፉን በማየት ብቻ ይህን መለየት አይቻልም።

ስለዚህ ዘሩ ይወሰድና ይተከላል። ችግኙ ገና ቅጠል ሳያወጣ፣ ቀጭኑ ግንዱ ራሱን ቀና ሲያደርግ፣ የፈንገሱ ዘር የተበጠበጠበት ውሃ ይረጭበታል፤ እርጥበቱ እንዳይጠፋም ይሸፈናል። በሽታው የሚይዘው ከሆነ ግንዱ ላይ ጥቁር ጎድጓዳ ቁስል ይወጣና ችግኙ ይወድቃል። የሚቋቋመው ቆሞ ይቀራል። ከጎኑ ታዲያ በሽታውን ጨርሶ እንደማይችል አስቀድሞ የታወቀ ዝርያ ችግኝ አብሮ ይረጫል። ያ ችግኝ መውደቅ አለበት። ሳይወድቅ ከቀረ የተረጨው ፈንገስ ሞቷል ወይም እርጥበቱ አንሷል ማለት ነው፤ የሌሎቹም መቆም ምንም አይመሰክርም፣ የሳምንታት ድካም እንደገና ይጀመራል። ይህን ባሰብኩት ቁጥር ልቤን ይነካዋል፤ የሌሎቹ ጥንካሬ እንዲታመን ሲባል እንዲወድቅ የተተከለ ችግኝ።

ከዚያ ሥራ 741 የተባለው ዝርያ ከጌራ፣ 74110 እና 74112 ደግሞ ከመቱ አካባቢ፣ ከቢሻሪ ተገኙ። ፊተኛው 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ 1974ን ያሳያል። ዛሬ የአውሮፓና የአሜሪካ ቡና ቆዪዎች እነዚህን ቁጥሮች በማሸጊያቸው ላይ ያትማሉ።

ከቡና አገር ወጣ ብለን ዓድዋን እናስታውስ። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ከማጠቢያው በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከማጠቢያው በላይ ያሉት በሕይወት ነበሩ። ምስክሩን ወንዙ ራሱ አቅርቦታል፤ ያው ውሃ፣ ያው ቀንድ አውጣ፣ ልዩነቱ የእንዶዱ አረፋ ብቻ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ነው፤ በሽታው በጅማ ዙሪያም አለ። ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በዚህ ሥራ በ1989 “አማራጭ ኖቤል” የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል።

የጅማ ዙሪያ የመድኃኒት ዕፅ ሀብታም ነው። ግራዋን ውሰዱ፤ በኦሮምኛ ኤቢቻ ይሉታል። ጋንና እንስራ የሚታጠብበት ይኸው መራራ ቅጠል ለወባም ይጠጣል። ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲህ ያለው ቅጠል የሚፈተነው የአይጥ ወባ በያዛቸው አይጦች ላይ ነው። አንደኛው ምድብ የቅጠሉን ጭማቂ፣ ሌላው ውሃ ብቻ፣ ሦስተኛው ክሎሮኪን ይሰጠዋል። ምስክሮቹ እዚህም አሉ። ግራዋ በእንዲህ ያለ ሙከራ የጥገኛ ተሕዋሱን ቁጥር ቀንሶ ታይቷል። ግን አይጥ ሰው አይደለም፤ ከቀነሰና ከፈወሰም መካከል ሰፊ መንገድ አለ። “ቅጠሉ ጀርም እንደሚገድል ተረጋገጠ” የሚል ወሬ ስትሰሙም በረኪናም ጀርም እንደሚገድል አስቡ፤ በረኪና ግን አይጠጣም። ኮሶ ትልን በእርግጥ ያስወጣል፤ ከልኩ ሲያልፍ ዓይን እንደሚያጠፋም ይታወቃል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልምጣ። በትንሽ ከተማ የምትኖር አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጇ ስሙ ሲጠራ ዞር እንደማይል፣ በጣቱ ወደሚፈልገው ነገር እንደማይጠቁም፣ ሁለት ሦስት ቃል ይል የነበረው ጭራሽ ዝም እንዳለ ታያለች። ጎረቤት የሰው ዓይን ነው ይላታል፤ ሌላው እርግማን ነው ይላል። ቤት ውስጥ ተደብቀው የሚያድጉ ብዙ ልጆች አሉ። ኦቲዝም የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው፤ ከልጅነት ይጀምራል፣ ዘር በውስጡ ትልቅ ድርሻ አለው። እናቲቱ ባጠፋችው የመጣ አይደለም። የደም ምርመራ የለውም፤ የሚለየው የሠለጠነ ባለሙያ ልጁን አይቶ፣ ከወላጅ ጋር በጥሞና ተነጋግሮ ነው። ሊዮ ካነር በ1943 ሁኔታውን የገለጸው 11 ልጆችን በቅርብ ተከታትሎ ነው። በአገራችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸውን ልጅ አሳድገው ባዩት ተነሥተው በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በ2021 እስካረፉ ድረስም ስለ እነዚህ ልጆች በአደባባይ ተናገሩ።

በጭንቅ ላይ ላለች እናት መድኃኒት የሚሸጥላት አይጠፋም። አንዱ ሥር ቀጥቅጦ ያመጣል፣ ሌላው ዱቄት በብልቃጥ። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በ1998 አሜሪካ ውስጥ ሴክሪቲን የተባለ የአንጀት ሆርሞን የተወጉ ሦስት ልጆች ተሻላቸው ተብሎ ተጻፈ። ወሬው ተዛመተ፤ ወላጆች መርፌውን ፍለጋ ተራወጡ። በዓመቱ 60 ልጆች በሁለት ተከፍለው ለግማሾቹ ሴክሪቲን፣ ለግማሾቹ የጨው ውሃ ተወጋ። የትኛው ልጅ የትኛውን እንዳገኘ ወላጆቹም መርማሪዎቹም አላወቁም። ከአራት ሳምንት በኋላ ሲታይ መሻሻል ነበር፤ በሁለቱም ምድብ፣ እኩል።

የጨው ውሃው ምን ሠራ? ምንም። ልጆች ግን በአራት ሳምንት ያድጋሉ። ወላጅ ደግሞ ወደ ሐኪም የሚሮጠው ነገሩ ሲብስ ነው፤ የባሰ ነገር ብዙውን ጊዜ በራሱ ረገብ ይላል። ተስፋ ያደረገች እናትም ትናንት ያላየችውን ፈገግታ ዛሬ ታያለች። ፈገግታው እውነት ነው፤ ከመርፌው መምጣቱ ነው ያልተረጋገጠው። በዚያው በ1998 የኩፍኝ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል ያሰኘው ጽሑፍ በ12 ልጆች ላይ የቆመና ማነጻጸሪያ የሌለው ነበር፤ በ2010 ያወጣው መጽሔት ራሱ ሰርዞታል። ዴንማርክ ውስጥ የተከተቡና ያልተከተቡ ከ537,000 በላይ ልጆች ሲነጻጸሩ ልዩነት አልተገኘም።

ስለዚህ ለእናቲቱ የምለው አለኝ። መጀመሪያ ልጁን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ለጤና ጣቢያ ታሳየው፤ ጆሮውም ይመርመር፤ መስማት የማይችል ልጅም ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም። ጸሎቷንም ዱዓዋንም ማንም አይከለክላትም። ልጁ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ከሐኪሙ በቀር በማንም ምክር አታቋርጥ። በየቀኑ ዓይኑን እያየች ብታጫውተው፣ ቃል እየደጋገመች ብትጠብቀው፣ ወላጆችን በማሠልጠን የተደረጉ ጥናቶች ጥቅም አይተውበታል። አንድ ነገር ስጪው ሲሏት ደግሞ ሁለት ጥያቄዎች ትጠይቅ፤ ያልተሰጣቸው ልጆችስ እንዴት ሆኑ? ከማን ጋር ተነጻጸረ?

አንድ ደብተርም ትያዝ። ባለ 50 ሉክ ይበቃል። ቀኑን፣ የተሰጠውን ነገር፣ የሆነውን ትጻፍ፤ ምንም ያልተሰጠበትንም ቀን ሳትዘል። “ሰኞ። ምንም አልተሰጠም። አጎቱ ከአጋሮ መጣ። ማታ ላይ ‘ውሃ’ አለ።”