የቀጥታ መስመርና የፓራቦላ መገናኛ

የቀጥታ መስመርና የፓራቦላ መገናኛ ነጥብ የሁለቱንም እኩልዮሾች በአንድ ጊዜ የሚያሟላ ነጥብ ነው። ከግራፍ ላይ በግምት ይነበባል፤ በአልጀብራ ግን በትክክል ይሰላል።

ምሳሌ

ፓራቦላው ዋይ = ኤክስ²፣ መስመሩ ደግሞ ዋይ = ኤክስ + 2 ይሁን። በመገናኛው ላይ የሁለቱ ዋይ እኩል ስለሆነ፦

ኤክስ² = ኤክስ + 2
ኤክስ² − ኤክስ − 2 = 0
(ኤክስ − 2)(ኤክስ + 1) = 0

ስለዚህ ኤክስ 2 ወይም −1 ነው። እነዚህ በመስመሩ እኩልዮሽ ውስጥ ሲተኩ ነጥቦቹ (2፣ 4) እና (−1፣ 1) ይሆናሉ።

የነጥቦች ብዛት

መስመሩ ዋይ = ኤክስ + ሐ ቢሆን፣ ኤክስ² − ኤክስ − ሐ = 0 ይገኛል፤ ዲስክሪሚናንቱም 1 + 4ሐ ነው።

• ከ0 ሲበልጥ፦ በሁለት ነጥቦች ይቋረጣሉ።
• 0 ሲሆን (ሐ = −1/4)፦ መስመሩ ፓራቦላውን በአንድ ነጥብ ብቻ ይነካዋል።
• ከ0 ሲያንስ፦ አይገናኙም።

ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር፣ ለምሳሌ ኤክስ = 3፣ ከዚህ ይለያል፤ ፓራቦላውን የሚያገኘው በአንድ ነጥብ (3፣ 9) ቢሆንም ያቋርጠዋል እንጂ ነክቶት አያልፍም።