የድሮ የተቃውሞ ባጆች ለምን ይሰበሰባሉ?

«ባጅ» ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በር ላይ ለጥበቃ የምናሳየው መታወቂያ ነው። እዚህ የምናወራው ከኋላው መርፌ ስላለው፣ ልብስ ላይ ስለሚሰካውና መፈክር ወይም ምልክት ስለታተመበት ክብ ቆርቆሮ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በአሜሪካና በእንግሊዝ ሰልፎች ላይ በሳንቲም ይሸጥ ነበር። ዛሬ የሚሰበስቡት ሰዎች የሚፈልጉት ግን ቆርቆሮውን ብቻ አይደለም፤ ያደረገው ሰው ምን እንደከፈለበት ማወቅም ይፈልጋሉ።

አንዱን እንይ። በሚሲሲፒ ግዛት፣ ፊላደልፊያ በምትባል ትንሽ ከተማ (ከትልቋ ፊላደልፊያ ጋር እንዳትምታታ) አቅራቢያ በ1964 ክረምት ሦስት የመብት ታጋዮች ተገደሉ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የቡከር ቲ ዋሽንግተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪዎች ዙሪያውን «አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ» የሚል፣ መሐሉ ላይ ኤስኤንሲሲ የተባለው የተማሪዎች የትግል ኮሚቴ ስም ያለበት ባጅ ማድረግ ጀመሩ። ርዕሰ መምህሩ ከለከሉ። ሠላሳ፣ አርባ የሚሆኑት ግን አድርገው መጡ። «አውልቁ፤ አለዚያ ወደ ቤታችሁ ሂዱ» ሲባሉ አብዛኞቹ መሄዱን መረጡ። ወላጆች ጉዳዩን ፍርድ ቤት አደረሱት፤ በ1966 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ባጁ ትምህርቱን እስካላወከ ድረስ መከልከል አይቻልም ብሎ ፈረደላቸው።

የሚገርመው፣ ይኸው ፍርድ ቤት በዚያው ቀን ከዚያው ከሚሲሲፒ በመጣ ሌላ የባጅ ክስ ለትምህርት ቤቱ ፈረደ። በዚያኛው ትምህርት ቤት ጥቁርና ነጭ እጅ ሲጨባበጡ የሚያሳየውን ባጅ አንዳንድ ተማሪዎች ላልፈለጉት ሳይቀር ደረታቸው ላይ ይሰኩ ነበር፤ በኮሪደር ጫጫታው በዝቶ ትምህርት ታውኳል። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱን ፍርዶች ለየብቻ ማንበብ ጉዳዩን በግማሽ እንደማወቅ ነው። በ1969 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቬትናምን ጦርነት በመቃወም ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ላሰሩ ተማሪዎች ሲፈርድ የተጠቀመው ያንኑ መለኪያ ነው።

በእንግሊዝ ደግሞ በ1958 ጄራልድ ሆልቶም ከለንደን ወደ አልደርማስተን ለሚደረገው ፀረ ኑክሌር ሰልፍ ዛሬ የሰላም ምልክት የምንለውን ሣለ። ኤሪክ ኦስተን የመጀመሪያዎቹን ባጆች የሠራው ከተተኮሰ ሸክላ ነበር፤ የኑክሌር ጦርነት ቢነሳ ከሰው ልጅ ሥራ ከሚተርፉት ጥቂት ነገሮች አንዱ እንዲሆን ታስቦ ነው። በ1963 ለዋሽንግተኑ ታላቅ ሰልፍ የወጣው ባጅ በ25 ሳንቲም እየተሸጠ ለሰልፉ ወጪ ውሏል።

መሰብሰብ ለሚያምራችሁ ጥቂት ልጨምር። በኒውርክ የነበረው ዋይትሄድ ኤንድ ሆግ በ1896 ያስፋፋው አሠራር ቀላል ነው፤ የታተመ ወረቀት በቆርቆሮ ላይ ይደረግና በላዩ ሴሉሎይድ የሚባል ስስ ሽፋን ይለብሳል። ኋላ ላይ በቀጥታ ቆርቆሮው ላይ የሚታተም፣ ርካሽ ዓይነት መጣ። የመጀመሪያውን ዓይነት በውሃ እንዳታጥቡት፤ እርጥበቱ ከሽፋኑ ሥር ገብቶ ወረቀቱን ያበላሻል። ፀሐይም ቀለሙን ታደበዝዛለች።

አስመስሎ የተሠራው ብዙ ነው። በ1973 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የፖለቲካ ባጅ ቅጂ የተሠራበት ዓመት እንዲጻፍበት ያዛል፤ ሕጉን የማይጠብቅ ሻጭ ግን አይጠፋም። ስለዚህ ፊቱን ከማየታችሁ በፊት ገልብጡት፤ ጠርዙ ላይ የአታሚዎች ማኅበር ጥቃቅን ምልክት፣ ከኋላው የሠሪው ስም ሊኖር ይችላል። ማን፣ የት፣ መቼ እንዳደረገው ከነገሯችሁ በተለየ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ጀርባው ላይ ግን አትለጥፉት፤ የሠሪውን ስም ይሸፍነዋል።