ካሜራው ለምን ሥራ ነው?

ካኖን አር 50 እና ሶኒ ዜድቪ-ኢ 10 ሌንሳቸው የሚቀያየር፣ ውስጣቸው መስታወት የሌለባቸው፣ ለጀማሪ ተብለው የተሠሩ ሁለት ካሜራዎች ናቸው። ሶኒው እ.ኤ.አ. በ2021፣ ካኖኑ በ2023 ወጡ። ያለ ሌንስ ሲሸጡ የመነሻ ዋጋቸው የሶኒው 700፣ የካኖኑ 680 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። በናይሮቢ ኢስትሊ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ኒካህና የሱቅ ዕቃ እያነሡ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ከስልክ ወደ ካሜራ ሲሸጋገሩ ከሚያመዛዝኗቸው መካከል እነዚህ ሁለቱ አሉበት። ጥያቄው ሁልጊዜ በአንድ መልክ ይመጣል፦ የትኛው ይሻላል? በዚህ መልክ እስከቀረበ ድረስ ግን ጥያቄው መልስ የለውም። ይህ ስንት ጊዜ ተነግሯል፤ ዛሬም ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው በዚሁ ጥያቄ ነው።

አንድ ጉዳይ በተለይ ከሐሳብ አይወጣም። በስልክ ሲሠራ የቆየ አንድ ወጣት ሶኒውን አብሮት ከሚሸጠው 16-50 ሌንስ ጋር ገዝቶ የመጀመሪያ ሠርጉን አነሣ። ቀን፣ ደጅ ላይ፣ ፀሐዩ ስክሪኑን አላሳይ አለው። ማታ አዳራሽ ውስጥ ጭፈራው ደብዝዞ፣ ምስሉም ነጠብጣብ ሞልቶት ወጣ። ሐበሻ ቀሚስ የለበሰችው ሙሽራ ፊቷ ጠቆረ። ወጣቱ ካሜራውን ወቀሰ፤ በኪሳራ ሸጠውና ካኖኑን ከ18-45 ሌንሱ ጋር ገዛ። በሚቀጥለው ሠርግ የፀሐዩ ችግር ተቃለለ፤ ሌሎቹ ሁለት ችግሮች ግን እንደነበሩ ቀሩ። ከሽያጩ እስከ ግዢው የባከነው ገንዘብ፣ የማታውን ችግር የሚፈታ አንድ ሌንስ ይገዛ ነበር።

የስህተቱ ሥር ቁጥር ማምለክ ነው። ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሜጋፒክስል ነው፤ ሁለቱም ካሜራዎች ግን እኩል 24.2 ሜጋፒክስል ናቸው። ምስላቸው በወርድ 6000፣ በቁመት 4000 ነጥብ አለው። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሆኖ ሲታተም 50 በ34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም ለሠርግ አልበም ከበቂ በላይ ነው። ደንበኛው በስልኩ የሚያየው 1080 በ1350 ነጥብ የሆነ ምስል ደግሞ አንድ ሜጋፒክስል ተኩል እንኳ አይሞላም። የሜጋፒክስሉ ቁጥር በእጥፍ ቢያድግ የምስሉ ወርድ የሚጨምረው በ41 በመቶ ብቻ ነው። ቁጥሩ በዝቶ ያልጠራ ፎቶ ቢታተም፣ የሚተልቀው አለመጥራቱ ነው።

ቀጥሎ የሚነሣው የሴንሰር መጠን ነው። የካኖኑ 22.3 በ14.9፣ የሶኒው 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ነው። በስፋት ሲሰላ ልዩነቱ አሥር በመቶ ገደማ ነው፤ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ከዚህ የተነሣ የትኛው ከየትኛው እንደወጣ የሚለይ ዓይን የለም። በቁጥር የሚበላለጡበትን ቦታ የሚፈልግ ሰው ሊያገኘው የሚገባው ሌላ ቁጥር ነው፤ እሱም ከሌንሱ አፍ ላይ የተጻፈው ነው።

ከሶኒው ጋር የሚመጣው ሌንስ ወደ 50 ሚሊ ሜትር ሲሳብ አፐርቸሩ ኤፍ 5.6 ላይ ያቆማል፤ የካኖኑ 45 ሚሊ ሜትር ላይ ኤፍ 6.3 ይሆናል። በአንጻሩ ኤፍ 1.8 የሆነ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከመጀመሪያው ወደ አሥር እጥፍ፣ ከሁለተኛው ደግሞ አሥራ ሁለት እጥፍ የሚሆን ብርሃን ያስገባል። በካኖኑ ሌንስ አይኤስኦ 6400 የጠየቀ አዳራሽ፣ በዚህኛው 500 ገደማ ይበቃዋል ማለት ነው። የነጠብጣቡ ችግር የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። ካሜራ በካሜራ መቀየር ከዚህ ለውጥ አንድ አሥረኛውን እንኳ አያመጣም።

የማረጋጊያም ነገር እንዲሁ በስህተት ይታመናል። ሁለቱም ካሜራዎች በቦዲያቸው ውስጥ ሴንሰሩን የሚያረጋጋ መሣሪያ የላቸውም፤ ማረጋጊያው ያለው አብሯቸው በሚሸጠው ሌንስ ውስጥ ነው። እሱም የሚይዘው የአንሺውን እጅ መንቀጥቀጥ እንጂ የእስክስታውን ትከሻ አይደለም። ጭፈራን ለማስቆም ሹተሩ ቢያንስ የሰከንድ አንድ ሁለት መቶኛ መሆን አለበት፤ ያን የሚፈቅደው ደግሞ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ወይም ፍላሽ ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ካሜራዎች ማወዳደር ማለት በአብዛኛው የሌንስ ቤተሰባቸውን ማወዳደር ነው። የሶኒው ኢ ማውንት ከ2010 ጀምሮ ያለ ነው። ለእሱ ከሶኒ ውጭ ያሉ ኩባንያዎችም ለዓመታት ሌንስ ሲሠሩ ቆይተዋል፤ የሲግማ 16፣ 30 እና 56 ሚሊ ሜትር ባለ ኤፍ 1.4 ሌንሶች ለዚህ ዓይነት ካሜራ የተሠሩ ናቸው። ካኖን በአንጻሩ በአዲሱ አርኤፍ ማውንት ላይ ለሌሎች በሩን ዘግቶ ቆይቶ፣ ሲግማና ታምሮን ለእነዚህ ትናንሽ ካሜራዎች በራስ ሰር የሚያተኩሩ ሌንሶችን በፈቃድ ማውጣት የጀመሩት በ2024 ነው። ካኖን ግን ሌላ ሀብት አለው፤ ከ1987 ጀምሮ የተሠሩት ኢኤፍ ሌንሶች በአንድ ማገናኛ አር 50 ላይ ይሠራሉ። አሮጌ ካኖን ያለው፣ ወይም ሌንስ የሚያውሰው ወዳጅ ያለው ሰው ይህን ሳያሰላ ሶኒ ቢገዛ ያለውን ሀብት ጥሎ ይሄዳል።

የሙሽራዋ ፊት መጥቆር ደግሞ ከካሜራውም ከሌንሱም አይደለም። የማንኛውም ካሜራ የብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ መሳብ ይቀናዋል። ነጭ ቀሚስና ነጠላ ምስሉን ሲሞሉት መለኪያው ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ ያኔ ፊት ይጠቁራል። ጥቁር አባያ የለበሱ ሴቶች ምስሉን ሲሞሉ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ልብሱ ግራጫ ይሆናል፣ ፊት ይነጣል። መፍትሔው ለነጩ ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ መጨመር፣ ለጥቁሩ ያንኑ ያህል መቀነስ ነው። ሲጨመር የጥለቱ ዝርዝር በብርሃን እንዳይጠፋ ሂስቶግራሙን ማየት፣ ፋይሉንም በሮው ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በሁለቱም ካሜራዎች ላይ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ቁልፍ ማዞር የሚፈታውን ችግር በአዲስ ካሜራ ለመፍታት መሞከር የሚያሳዝነው ለዚህ ነው።

ሌላው ሳይነገር የሚታለፍ ነገር የመብራቱ ኃይል ነው። በኬንያም በኢትዮጵያም ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ ስለሆነ ጥራት የሌላቸው አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ካሜራው ለአሜሪካ ወይም ለጃፓን እንደተዘጋጀ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲቀርጽ ቪዲዮው ላይ የሚንሸራተት ጥላ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። ምርጫውን ወደ ፓል ለውጦ በ25 ፍሬም፣ ሹተሩን አንድ ሃምሳኛ ወይም አንድ መቶኛ ላይ አድርጎ መቅረጽ ነገሩን ይፈታል። በሶኒው ላይ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ በ4ኬ 30 ፍሬም ሲቀርጽ ምስሉን 1.23 ጊዜ ያጠብበዋል፣ በ25 ግን ሙሉውን ወርድ ይጠቀማል። ድምፅ አልባው የኤሌክትሮኒክ ሹተርም በእነዚህ መብራቶች ሥር ፎቶው ላይ መስመር ስለሚያሰምር ሱቅ ውስጥ ቢጠፋ ይሻላል።

ይህ ከተያዘ በኋላ ሁለቱ ካሜራዎች የሚለያዩበት ነገር ጥቂትና ግልጽ ነው፤ የሚታየውም ሥራው ሲጠራ ነው።

ለሠርግና ለሥነ ሥርዓት ፎቶ ካኖኑ ያመዝናል። ዓይን የሚያስጠጉበት ቪውፋይንደር አለው፤ ሶኒው የለውም። በናይሮቢ የቀትር ፀሐይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ካኖኑ ትንሽ ፍላሽም በላዩ አለው፤ ከፍላሽ ጋር የሚገጥመው ሹተር እስከ አንድ 250ኛ ሰከንድ ሲሄድ፣ የሶኒው አንድ 160ኛ ላይ ይቆማል። ነገር ግን የካኖኑ የፍላሽ መግጠሚያ አዲሱ ዓይነት ስለሆነ የቀድሞዎቹ የካኖን ፍላሾች ኤዲ-ኢ 1 የተባለ ማገናኛ ካልተገዛላቸው አይሠሩበትም። አሮጌ ፍላሹን ይዞ ለሠርግ የሚወጣ ሰው ይህን በዕለቱ ማወቅ የለበትም። ሁለቱም የሚይዙት አንድ ካርድ ብቻ ነው፤ ያ ካርድ ከተበላሸ የሠርጉ ቀን ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያኑና በአዳራሹ መካከል ካርድ መቀየር፣ ሌሊቱንም ሳይተኙ መገልበጥ ግዴታ ነው። ባትሪያቸውም ትንሽ ነው፤ ትርፍ ባትሪ ሳይያዝ ሠርግ አይኬድም።

ለሱቅ ዕቃ ፎቶ ሁለቱ እኩል ናቸው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የማደሪያ ክፍሎቹ ሱቅ ከሆኑበት ከጋሪሳ ሎጅ ጀምሮ ኢስትሊ የጨርቅና የልብስ ገበያ ናት፤ ዛሬ ብዙ ነጋዴ ልብሱን የሚያሳየው በዋትስአፕና በቲክቶክ ነው። ለዚህ ሥራ ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይቆማል፣ አይኤስኦው 100፣ አፐርቸሩ ኤፍ 8 ይሆናል። በዚህ ሁኔታ አብሮ የሚሸጠው ሌንስ ራሱ በቂ ነው። እዚህ ላይ ገንዘብ የሚገባው ሶፍትቦክስ ላይ ነው፤ ልብስ ከሚመለስባቸው ምክንያቶች አንዱ ቀለሙ ፎቶው ላይ ካለው መለየቱ ነውና። የቀን ብርሃንን ከሱቁ አምፖል ጋር አለመቀላቀል፣ ዋይት ባላንሱንም በግራጫ ካርድ በእጅ ማስተካከል ይህን ቅሬታ ይቀንሳል።

ለንግግር፣ ለቃለ መጠይቅና ለረጅም ቀረጻ ሶኒው ያመዝናል። ሦስት መቀበያ ያለው ማይክ ከንፋስ መከላከያው ጋር አለው፤ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያም አለው። ካኖኑ የማይክ መሰኪያ እንጂ የጆሮ ማዳመጫ የለውም፤ አንድ ቀረጻም በአንድ ሰዓት ገደማ ይገታል። ስብከት ወይም የማኅበር ስብሰባ ለሚቀርጽ ሰው ይህ ወሳኝ ነው። በሥዕሉ በኩል ካኖኑ 4ኬ 30 ፍሬምን ሳያጠብ፣ ከ6ኬ ጨምቆ ያወጣል። ድምፅ የተበላሸበትን ቪዲዮ ግን የሥዕል ጥራት አያድነውም፤ በየትኛውም ካሜራ ቢሆን ማይኩ ከተናጋሪው አፍ መቅረብ አለበት።

ፎቶና ቪዲዮን አንድ ሰው ይዞ መሥራት ለዚህ ሠፈር አዲስ አይደለም። በ1943 ኢስትሊ ውስጥ የተወለደው መሐመድ አሚን በሁለቱም ሙያ የታወቀ ነበር። በ1984 ከቢቢሲው ማይክል ቡርክ ጋር ኮረም ሄዶ የቀረጸው የረሃብ ምስል ዓለምን ያነቃነቀ ነው። በ1991 አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጥቶ እንኳ በሰው ሠራሽ እጅ ወደ ሥራው ተመልሷል። ያ ትውልድ የሠራው ዛሬ በጀማሪ ካሜራ ላይ ያለው የዓይን ተከታይ ፎከስ ሳይኖር ነው። በእጁ የነበረውን መሣሪያ አቅምና ድካም ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ዛሬ የሚጎድለው ይህ ዕውቀት እንጂ ካሜራ አይደለም።

ለእግር ኳስና ለሚሯሯጡ ልጆች ልዩነቱ ጠባብ ነው። ካኖኑ በሰከንድ 12፣ ሶኒው 11 ፎቶ ያነሣሉ። ካኖኑ ሰውን፣ እንስሳንና ተሽከርካሪን ለይቶ ይከተላል፤ ሶኒውም የሰውንና የእንስሳን ዓይን ይይዛል። ውጤቱን የሚወስነው ሩቅ የሚያመጣ ሌንስ መኖሩ ነው። ለጉዞና ለመልክዓ ምድር ሶኒው 343፣ ካኖኑ 375 ግራም ስለሆኑ ክብደት ምክንያት አይሆንም። ሁለቱም አቧራና ዝናብ እንዳይገባባቸው ተደርገው የታሸጉ አይደሉም፤ በኢስትሊ ደረቅ ወራትም ሆነ በዝናቡ ጭቃ ደጅ ላይ ሌንስ መቀየር አይገባም።

ያገለገለ ካሜራ ለሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይጨመራል። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የሶኒ ካሜራዎች ብዙ ጊዜ ሜኑአቸው በጃፓንኛ ብቻ ስለሆነ ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ቋንቋውን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ሴንሰሩን ለመፈተሽ ደግሞ አፐርቸሩን ኤፍ 16 አድርጎ ነጭ ግድግዳ ማንሣት፣ ምስሉንም አጉልቶ ቆሻሻና ጭረት መፈለግ ይበቃል።

ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የሚመለሰው ጥያቄ እንግዲህ አንድ ነው፦ በሚቀጥለው ዓመት ደንበኛ የሚከፍለው ለየትኛው ሥራ ነው? ሠርግ ከሆነ ካኖኑ ከኤፍ 1.8 ሌንስና ከፍላሽ ጋር፣ ፍላሹ አሮጌ ከሆነም ከማገናኛው ጋር ይታሰብ። ቃለ መጠይቅና ረጅም ቀረጻ ከሆነ ሶኒው ከጥሩ ማይክ ጋር። የሱቅ ዕቃ ከሆነ በርካሽ የተገኘው ከመብራትና ከትራይፖድ ጋር። በጀቱ ከቦዲው በኋላ ለሌንስ፣ ለመብራት ወይም ለማይክ የማይተርፍ ከሆነ ያገለገለ ቦዲ ገዝቶ ልዩነቱን እነዚህ ላይ ማዋል ከሁሉም የተሻለ ግዢ ነው።