በተጀመረ የወንጀል ክስ የበላይ ፍርድ ቤት ጣልቃ ይገባልን?

በሕንድ፣ የክስ ሂደት ያለአግባብ መገልገያ በሆነ ጊዜ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የተጀመረን ክስ መሰረዝ ይችላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 528 ይህንኑ ሥልጣን ጠብቆታል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ሌላ መንገድ መርጧል።

አንድ የጉለሌ ነዋሪ በይርጋ በታገደ ወንጀል ተከሰሰ እንበል። በአንቀጽ 130 መሠረት መቃወሚያ ያቀርባል። መቃወሚያው ውድቅ ቢሆን፣ አንቀጽ 184 በብይኑ ላይ ወዲያውኑ ይግባኝ ማለትን ይከለክላል፤ ቅሬታው የሚታየው በመጨረሻው ፍርድ ላይ ይግባኝ ሲባል ነው። ሰበር ሰሚ ችሎትም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80(3)(ሀ) የተሰጠው ሥልጣን የመጨረሻ ውሳኔን ማረም ነው።

ክልከላው የክርክር መጓተትን ይገታል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ዋስትና ተነፍጎ የሚጠባበቅ ተከሳሽ ነው። ስለሆነም ይርጋን የመሰሉ፣ ክሱን ከሥሩ የሚያፈርሱ መቃወሚያዎች አጭር ጊዜ የተቆረጠለት ይግባኝ ሊፈቀድላቸው ይገባል።