ሳይታሰብ የተገኙ የቤት ውስጥ ዘዴዎች፦ ከእንዶድ አረፋ እስከ ሶሎሎ የወተት ዕቃ

በየቤታችን በየዕለቱ ከምንጠቀምባቸው ዘዴዎች አብዛኞቹ ከቤተ ሙከራ የወጡ አይደሉም። የጠላ ጋን በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራም ይታጠናል፤ ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ይነጣሉ፤ የወተት ቅል በጢስ ይዘጋጃል። ይህን ሁሉ ያስተማሩን እናቶቻችንና አያቶቻችን ናቸው። ከእነዚህ ዘዴዎች አንዳንዶቹ በችግር ተፈልገው የተገኙ ናቸው፤ «ችግር ብልሃትን ይወልዳል» እንዲሉ። ሌሎቹ ግን ማንም ሳይፈልጋቸው፣ ሰው ሌላ ሥራ ሲሠራ በድንገት የታዩ ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ነገሮችን ማስረዳት ነው። አንደኛ፣ በድንገት የታየ ነገር እንዴት ወደ ተረጋገጠ ዕውቀት እንደሚለወጥ፤ ሁለተኛ፣ የቤት ውስጥ ዘዴዎቻችን በምን ሳይንሳዊ ምክንያት እንደሚሠሩ፤ ሦስተኛ፣ የተለመደ ዘዴ ሁሉ ያለ ምርመራ የሚታመን እንዳልሆነ ነው።

1. ክብሪትና የተደፋው መብራት

በእንግሊዝ አገር በስቶክተን ከተማ ጆን ዎከር የሚባል መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ይህ ሰው ፖታሲየም ክሎሬትንና አንቲሞኒ ሰልፋይድን ከሌሎች ነገሮች ጋር እየቀላቀለ በሚሞክርበት ጊዜ፣ በማማሰያው እንጨት ጫፍ ላይ የደረቀውን ቅልቅል ለማስለቀቅ ከምድጃው ድንጋይ ጋር ቢያፋትገው ድንገት እንደ ነደደ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1827 ዎከር በመድኃኒት ቤቱ ውስጥ ክብሪት መሸጥ ጀመረ። እስከዚያ ዘመን ድረስ እሳት ከጎረቤት ፍም በመጫር ወይም ከባልጩት ብልጭታ በማውጣት ይገኝ ነበር።

በዚያው ምዕተ ዓመት በፈረንሳይ አገር ዣን ባፕቲስት ዦሊ በሚባል ሰው ቤት ውስጥ መብራት በገበታ ጨርቅ ላይ ተደፋ ይባላል። የመብራቱ ፈሳሽ ጨርቁን ያበላሸዋል ተብሎ ሲጠበቅ፣ የነካው ስፍራ ከሌላው ይልቅ ጠርቶ ተገኘ። ዛሬ «ላውንደሪ» ከምንላቸው ቤቶች ውስጥ ያለ ውኃ ልብስ የሚያጸዱት መነሻቸው ከዚህ ጋር ይያያዛል። ምክንያቱም ቅባት በውኃ ባይሟሟም በሌሎች ፈሳሾች ስለሚሟሟ ነው።

እንጨት በድንጋይ ላይ ያፋተገ፣ መብራትም የደፋ ሰው ብዙ ነው። እነዚህን ሁለት ሰዎች ከሌላው የለያቸው የሆነውን ነገር ሳያልፉት «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለው መጠየቃቸው ነው።

2. የዓድዋ ወንዝና እንዶድ

ለዚህ ዓይነቱ ግኝት ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ የሚገኘው በራሳችን አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ የቢልሐርዝያን በሽታ ለማጥናት በዓድዋ ይገኙ ነበር። የሚፈልጉት በሽታውን የሚያስተላልፉትን የውኃ ቀንድ አውጣዎች ነበር። ወንዙን እየተከተሉ ሲመረምሩ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ የሞቱት ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ስፍራ ይልቅ በርክተው ታዩ።

አክሊሉ ነገሩን በግምት አልተዉትም። ከወንዙ ሌላ ክፍል ሕይወት ያላቸው ቀንድ አውጣዎች አስለቀሙና በዕቃ ውስጥ አደረጉ። ከዚያም ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው እንግዲህ በወንዝ ዳር፣ በልብስ ማጠቢያ ዕቃ ነው።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት የበሽታውን ዑደት ማስታወስ ያስፈልጋል። የቢልሐርዝያ እንቁላል ከበሽተኛው ሰው በዓይነ ምድር ወይም በሽንት ወጥቶ ወደ ውኃ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ረቂቅ ነፍሳት ወደ ቀንድ አውጣው ገላ ገብቶ ይራባል። ከዚያም መልኩን ለውጦ ይወጣና ውኃ ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ተበጠሰ ማለት ነው። ውኃ የሚቀዱ፣ ከብት የሚያጠጡና በወንዝ የሚዋኙ ልጆች ከሁሉ ይበልጥ ለበሽታው የተጋለጡ ስለሆኑ ጥቅሙም በመጀመሪያ ለእነርሱ ነው።

የእንዶድ ኃይል ያለው ሳፖኒን በሚባለው ንጥረ ነገሩ ውስጥ ነው። ሳፖኒን ከውኃ ጋር ሲመታ እንደ ሳሙና ያርፋል፤ ቆሻሻና ቅባትም ያላቅቃል። ይኸው ንጥረ ነገር የቀንድ አውጣውን ሕዋሳት ሽፋን ያፈርሳል። በተለይ የሚደንቀው ፍሬው ካልተወቀጠና ውኃ ካልነካው ይህ ኃይል የማይገለጥ መሆኑ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ሲረጥብ በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ሳፖኒኑን ወደ ብርቱው ዓይነት ይለውጡታል። እንግዲህ እናቶቻችን እንዶዱን በሙቀጫ ወቅጠው በውኃ ሲዘፈዝፉ የሚያደርጉት ሥራ ከኬሚስትሪው ሕግ ጋር የተስማማ ነበር ማለት ነው። ከእንዶድ የተገኘው አንዱ ንጥረ ነገር በአክሊሉ ለማ ስም «ለማቶክሲን» ተብሏል።

በዓድዋ ለአምስት ዓመታት በእንዶድ በተደረገው የመከላከል ሥራ፣ በትንንሽ ሕፃናት መካከል ግማሽ ያህሉን ይዞ የነበረው በሽታ ወደ 7 በመቶ ገደማ ዝቅ አለ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ብርቱ የሆኑትን የእንዶድ ዝርያዎች በመምረጥና በማልማት ሠሩ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1989 በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1997 ዐረፉ፤ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው ይጠራል። በሽታው ራሱ ዛሬ ፕራዚኳንቴል በሚባል መድኃኒት ይታከማል፤ ይሁን እንጂ የዳነው ልጅ ወደ ተበከለው ውኃ ከተመለሰ እንደ ገና ይያዛልና የመከላከሉ ሥራ አልቀረም።

3. የሶሎሎ የወተት ዕቃ

ሶሎሎ በኬንያ በማርሳቢት ካውንቲ፣ ከሞያሌ በስተ ምዕራብ፣ ከኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በዚያም ሆነ በወሰኑ በዚህ በኩል የሚኖሩት ቦረኖች አንድ ቋንቋና አንድ የከብት እርባታ ባህል ያላቸው ናቸው። አገሩ ሞቃትና ደረቅ ነው። በሞቃት አገር የታለበ ወተት ባክቴሪያ በፍጥነት ስለሚራባበት ብዙ ሳይቆይ ይበላሻል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ይህ ትልቅ ችግር ነው።

የቦረና ሴቶች ለዚህ ያላቸው መፍትሔ ጢስ ነው። የወተቱ ዕቃ «ጎርፋ» ይባላል፤ ወተት እስከማያፈስ ድረስ ከእፀዋት ጭረት ተጠቅጥቆ የተሠፋ ባለ ክዳን ዕቃ ነው። ዕቃው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ እንደ ኤጀርሳ፣ ማለትም እንደ ወይራ ካለ እንጨት የተለኮሰ ጉማጅ ወይም ፍም ወደ ውስጡ ይገባል፤ ክዳኑም ይደፋበታል። ጢሱ ውስጡን ካዳረሰ በኋላ ፍሙ ወጥቶ ዕቃው ይጠረጋል፤ ከዚያም ወተቱ ይገባበታል።

ይህ ሥራ በአንድ ጊዜ ብዙ ጥቅም ይሰጣል። ሙቀቱ በዕቃው ስንጥቅ ውስጥ የተሸሸገውን እርጥበት ያደርቃል፤ ከቀድሞው ወተት የተረፈውንም ባክቴሪያ ይቀንሳል። ጢሱ ፌኖልና ሌሎች ንጥረ ነገሮች ስላሉት በዕቃው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የባክቴሪያን መራባት ያዘገያል። ለወተቱም ባለቤቶቹ የሚወዱትን መዓዛ ይሰጠዋል። ሥጋና ዓሣ በጢስ ሳይበላሹ እንዲቆዩ የሚደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በጎርፋ ውስጥ የሚረጋው ወተት «ኢቲቱ» ይባላል። ወተቱ ሲረጋ አጓቱ ይወጣል፤ በላዩም አዲስ ወተት እየተጨመረ ይቆያል። በወተቱ ውስጥ የሚፈጠረው ላክቲክ አሲድ አበላሽ ባክቴሪያዎችን ስለሚከለክል ኢቲቱ ለሳምንታት ሊቀመጥ ይችላል። በምዕራብ ኬንያ የሚኖሩት ካሌንጂኖችም «ሙርሲክ» የሚባለውን እርጎ የሚያዘጋጁት በቅል ውስጥ ከእንጨት ከሰል ጋር ነው።

ይህ ዕውቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚታወቀው በድርቅ ጊዜ ነው። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ድረስ በቦረናና በማርሳቢት አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ሳይዘንብባቸው አለፉ፤ ብዙ ከብትም አለቀ። አንዲት ላም ብቻ በቀረችበት ቤት አንድ ኩባያ ወተት ተበላሸ ማለት የአንድ ሕፃን ምግብ ቀረ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ዕቃው ሲለወጥ ዘዴውም ችግር ይገጥመዋል። በየገበያው ወተት በፕላስቲክ ጀሪካን መጓዙ እየተለመደ ሄዷል። ጀሪካን ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ ገብቶ አያጥበውም፤ ውስጡ ሲፋቅም በጭረቱ ባክቴሪያ ይሸሸጋል። ፕላስቲክን በፍም ማጠን ደግሞ ዕቃውን ያቀልጠዋል፤ ወተቱንም በማይገባ ነገር ይበክለዋል። ለንግድ ወተት የሚሻለው አፉ ሰፊ የሆነ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ዕቃ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ጢስ መበላሸትን ያዘገያል እንጂ ወተቱን ከበሽታ አያጸዳም። ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ከላሟ ጋር አብረው የሚመጡ ስለሆኑ የታጠነ ዕቃ አያስቀራቸውም። እነርሱን የሚገድላቸው ማፍላት ነው።

4. ድፍርስ ውኃና የሽፈራው ፍሬ

በደቡብ ኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ የሚበቅለው የሽፈራው ዛፍ ቅጠሉ እንደሚበላ ብዙ ሰው ያውቃል። ፍሬው ግን ሌላ ጥቅም አለው። በሱዳን በዓባይ ዳር የሚኖሩ ሴቶች የድፍርሱን ውኃ ጭቃ ለማዝቀጥ የዚህን ዛፍ ዘመድ ፍሬ ይጠቀሙ ነበር። ተመራማሪዋ ሳሚያ አል አዝሐርያ ያን ይህን የሴቶች ልማድ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰፊው አጥንተውታል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጥቃቅን የጭቃ ቅንጣቶች ኔጋቲቭ ኤሌክትሪክ ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ስለዚህ ሳይዘቅጡ ይንሳፈፋሉ። በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ፖዚቲቭ ስለሆነ ቅንጣቶቹን ያያይዛቸዋል፤ ተያይዘው ሲከብዱም ይዘቅጣሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። የደረቀው ፍሬ ተፈልፍሎ ይወቀጣል፤ በጥቂት ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ በድፍርሱ ውኃ ላይ ፈስሶ መጀመሪያ በፍጥነት፣ ቀጥሎ በዝግታ ይማሰላል። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ከተቀመጠ በኋላ የጠራው ከላይ ይቀዳል። የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለምና ከመጠጣቱ በፊት መፍላት አለበት።

5. ዘዴ አደጋ የሚሆንበት ጊዜ

በድንገት የተገኘ ነገር ሁሉ በጎ አይደለም። አንድ ዘዴ አንድ ጊዜ ስለ ሠራ ብቻ ለሁሉ ነገር ይሠራል ብሎ ማሰብ ብዙ ጉዳት አድርሷል። የሚከተሉትን ልብ ማለት ይገባል።

ሀ. በረኪናን ከአሲድ፣ ከሆምጣጤ ወይም ከአሞንያ ጋር መቀላቀል የሚያፍን መርዛም ጋዝ ያወጣል። የቆየ ሽንትም አሞንያ ስላለው፣ በረኪና ሽንት ቤት ውስጥ ሲደፋ በሩና መስኮቱ ይከፈት።

ለ. እንዶድ የሚያጸዳው ልብስን ነው። መጠጣቱ ወይም መዋጡ ሰውን ይገድላል። ዓሣንም ስለሚገድል ዓሣ በሚጠመድበት ውኃ ውስጥ አይጣልም።

ሐ. የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ ለውኃም ሆነ ለወተት አይሆንም።

መ. ዕቃ በሚታጠንበት ጊዜ ጢሱ ለሴቲቱና ለሕፃኑ ሳንባ ጠንቅ ስለሆነ ሥራው ከቤት ውጭ ቢሆን ይሻላል።

6. ለክፍል ሥራ

መምህራን ይህን ትምህርት በቀላል ሙከራ ሊያሳዩ ይችላሉ። ሦስት እኩል የሆኑ ቅሎች ይዘጋጁ። አንደኛው በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ይታጠብ፤ ሁለተኛው በፈላ ውኃ ይለቅለቅ፤ ሦስተኛው በወይራ ይታጠን። በሦስቱም እኩል መጠን ያለው፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወተት ይጨመርና በአንድ ስፍራ ይቀመጡ። በየሦስት ሰዓቱ ሽታው ይመዝገብ፤ ሊትመስ ወረቀት ይነከርበት፤ ከእያንዳንዱም አንድ ማንኪያ ወተት ተቀድቶ ይፈላ። ሲፈላ የሚቆራረጠው ወተት መበላሸት የጀመረ ነው። ሁለተኛው ቅል የሚያስፈልገው ወተቱን ያቆየው ሙቀቱ ይሁን ጢሱ ለመለየት ነው። የሙከራው ወተት አይጠጣም።

ተማሪዎችም እያንዳንዳቸው ከእናታቸው ወይም ከአያታቸው አንድ የቤት ዘዴ ጠይቀው ይጻፉ። ከዘዴው ቀጥሎ ሦስት ጥያቄዎች ይመልሱ፦ ምን ተደርጎ ምን ይገኛል? በምን ምክንያት ይሆናል? ሐሰት ቢሆን በምን ሙከራ ይታወቃል? ሦስተኛውን ጥያቄ መመለስ የቻለ ተማሪ አክሊሉ ለማ በዓድዋ ወንዝ ዳር የሠሩትን ሥራ ጀምሯል።